ከአዝመራ ጋር የሚዞር ልጅ እንዴት ይማራል?



ስለ ሕፃናት ትምህርት በተነጋገርን ቁጥር ከእናንተ ዘንድ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ለልጁ ደብተርና የደንብ ልብስ ገዛንለት፤ በመስከረም ተመዘገበ፤ አዝመራው ሲደርስ ግን ከወላጆቹ ጋር ተነሥቶ ሄደ። ወንበሩ ባዶውን ቀረ። ታዲያ ድካማችን ከንቱ አልሆነምን?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ገንዘቡን የሰጠው ሰው ከትርፉ ሳይሆን ከጉድለቱ የሰጠ ነውና የሰጠው ነገር የት እንደ ደረሰ ሊነገረው ይገባል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ አሜሪካ የእርሻ ሠራተኞች ተመልክተናል። ይህንም ያደረግነው አሜሪካ ሀብታም አገር ስለሆነች አይደለም። በዚያች ሀብታም አገር ውስጥ ሰብል እየተከተሉ የሚዞሩ ድኾች ስላሉ፣ ልጆቻቸውንም ለማስተማር ከመቶ ዓመት በላይ የተሞከረው ሁሉ፣ የሠመረውም ያልሠመረውም፣ ስለሚታወቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ሰብሉን እየተከተሉ

እንጆሪ፣ ወይን፣ ቲማቲም፣ ኪያርና ፖም በአንድ ቀን በአገሩ ሁሉ አይደርሱም። ሙቀቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን እየገፋ ሲሄድ ሰብሉም በየተራው ይደርሳል። ስለዚህ የለቃሚው ቤተሰብ ሙቀቱን ተከትሎ ይጓዛል። ለረጅም ዘመን የታወቁ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከፍሎሪዳ ተነሥቶ የአትላንቲክን ጠረፍ ይዞ ወደ ሰሜን ይወጣል። ሁለተኛው ከደቡብ ቴክሳስ ተነሥቶ ወደ ሚሺጋን፣ ወደ ኦሃዮና ወደ ሚኒሶታ ያመራል። ሦስተኛው በካሊፎርኒያ ሸለቆዎች ውስጥ ዞሮ እስከ ኦሪገንና ዋሽንግተን ግዛቶች ይዘልቃል።

በእነዚህ መንገዶች የተጓዙት ሰዎች ከአንድ ወገን ብቻ አልነበሩም። በአትላንቲክ ጠረፍ ጥቁር አሜሪካውያን ብዙ ነበሩ። በቴክሳስና በካሊፎርኒያ ደግሞ የሜክሲኮ ተወላጆች ይበዙ ነበር። በ1942 ተጀምሮ በ1964 ባበቃው «ብራሴሮ» በተባለው የሁለቱ መንግሥታት ውል የሜክሲኮ ወንዶች ለእርሻ ሥራ እየተመለመሉ ይሄዱ ነበር። ብዙዎች ቤተሰቦችም በውልም ያለ ውልም ድንበሩን እየተሻገሩ በዚያው ቀርተዋል።

በኅዳር 1960፣ አሜሪካውያን የምስጋና ቀን በዓላቸውን ባከበሩ ማግስት፣ ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት በጋዜጠኛው በኤድዋርድ መሮ አቅራቢነት አንድ ፊልም አሳየ። የፊልሙ ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «የኀፍረት አዝመራ» ማለት ነው። ትናንት በማዕዱ ላይ የነበረውን ምግብ ማን እንደ ለቀመው፣ የለቀመውም ሰው ልጆቹን ምን እንደሚያበላና የት እንደሚያሳድር ሕዝቡ በዓይኑ አየ።

ወንበሩ ባዶ የሚሆንበት ምክንያት

ልጁ ለምን ከትምህርት ይቀራል? ብዙ ጊዜ መልሱ «ወላጆቹ ትምህርት አይወዱም» የሚል ነው። እኛ ግን የአንድ ሰው ሕይወት እንይና እንፍረድ።

ፍራንሲስኮ ሂሜኔዝ በ1943 በሜክሲኮ ተወለደ። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ወላጆቹ ያለ ፈቃድ ድንበር ተሻግረው ወደ ካሊፎርኒያ ወሰዱት። በስድስት ዓመቱ በእርሻ ላይ መሥራት ጀመረ። በበጋ በሳንታ ማሪያ እንጆሪ፣ ቀጥሎ በፍሬዝኖ አካባቢ ወይን፣ ከዚያም በኮርኮራን ጥጥ ይለቅሙ ነበር። ስለዚህ ሌሎች ልጆች በመስከረም ትምህርት ሲጀምሩ እርሱ የሚገባው ወይኑ ካለቀ በኋላ በኅዳር ነበር። እንግሊዝኛ ስለማያውቅ የአንደኛ ክፍልን መድገም ግድ ሆነበት። አዳዲስ ቃላትን በትንሽ ደብተር እየጻፈ በኪሱ ይዞ በሥራ ላይ ሳለ ያጠና ነበር። አንድ ቀን የሚኖሩበት ቤት ሲቃጠል ደብተሩም አብሮ ተቃጠለ። ነገር ግን የተጻፈውን በቃሉ ይዞት ስለ ነበር ሁሉ እንዳልጠፋበት ተረዳ።

«ዘ ሰርኪት» ብሎ በ1997 ባሳተመው የልጅነት ታሪኩ ውስጥ አንድ መምህር በምሳ ሰዓቱ እየቀረ እንግሊዝኛ እንዳስተማረው ይናገራል። በመጨረሻ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ዕቃው ሁሉ በካርቶን ታሽጎ አገኘው። እንደገና ሊሄዱ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ልጁ ከትምህርት የሚለይባቸው ምክንያቶች ብዙ ሆነው ተያይዘው እንደሚመጡ ነው። ዘግይቶ ይገባል፤ ሳይጨርስም ይወጣል። በአንደኛው ትምህርት ቤት የጀመረው ምዕራፍ በሁለተኛው ገና አልተጀመረም፣ ወይም አልፏል። ከፍ ያለ ክፍል ከደረሰ ደግሞ በአንዱ ግዛት የተማረው በሌላው ስለማይቆጠርለት ያንኑ ትምህርት ይደግማል። ቋንቋውን ስለማያውቅ ሰነፍ ይመስላል። ከሁሉ በላይ ግን እጁ ይፈለጋል። ክፍያው በተለቀመው ባልዲ ወይም ሣጥን ልክ ሲሆን የአንድ ልጅ ባልዲ ለቤተሰቡ ራት ነው። አባት ልጁን ወደ እርሻ የሚወስደው ስለሚጠላው ሳይሆን የእርሱ ጉልበት ብቻውን ቤቱን ስለማያቆም ነው።

ሕግ የከፈተው በርና ሳይዘጋ የቀረው በር

በ1975 የቴክሳስ ግዛት ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ወደ አገሩ ለገቡ ልጆች ትምህርት የመንግሥት ገንዘብ እንዳይሰጥ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ጽጌረዳ በማብቀል በታወቀችው በታይለር ከተማ እነዚህ ልጆች በዓመት 1,000 ዶላር እንዲከፍሉ በ1977 ተወሰነ። የድኻ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል? ጥቂት ወላጆች ከአገር እንባረራለን ብለው እየፈሩ ክስ መሠረቱ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሰኔ 1982 ፍርድ ቤቱ በ5 ድምፅ ለ4 ልጆቹ ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይከለከሉ ፈረደ። የፍርዱም አንዱ ምክንያት ልጅ ወላጁ ባደረገው ነገር ሊቀጣ አይገባውም የሚል ነበር። በዚህ ፍርድ ምክንያት በአገሩ ሁሉ ለስደተኛ ልጆች የትምህርት ቤት በር ተከፈተ።

ሌላው በር ግን ሳይዘጋ ቀርቷል። በ1938 የወጣው የአሜሪካ የሥራ ሕግ ልጆችን ከፋብሪካ ሲያስወጣ እርሻን ለብቻው ለየው። በኋላ ማሻሻያዎች ቢደረጉም ልዩነቱ አልጠፋም። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት የ12 ዓመት ልጅ ወላጁ ከፈቀደ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሌላ ሰው እርሻ ላይ በደመወዝ ሊሠራ ይችላል። 14 ዓመት ከሞላው የወላጅ ፈቃድ እንኳ አያስፈልግም። አደገኛ ተብሎ የተመደበ ሥራ በሌላው መስክ ከ18 ዓመት በታች ሲከለከል በእርሻ ግን በ16 ዓመት ይፈቀዳል። ሌሊት ተነሥቶ ለቅሞ፣ ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ልጅ እንቅልፍ ቢጥለው ማን ይፈርድበታል?

ትምህርትን ከልጁ ጋር ማስኬድ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ትምህርት ቤት በአንድ ስፍራ የቆመ ነው፤ ልጁ ግን ይሄዳል። ለውጥ የታየው ሰዎች «ልጁ ይቁም» ማለትን ብቻ ትተው «ትምህርቱም ይሂድ» ማለት በጀመሩ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ከጀመሩት መካከል ተራ ምእመናን ይገኙበታል። በ1920 የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ሴቶች ማኅበራት በኅብረት ሆነው በአትላንቲክ ጠረፍ፣ ለአትክልት ለቃሚዎችና በምግብ ማሸጊያ ለሚሠሩ እናቶች ልጆች መዋያ ከፈቱ። በዚያን ጊዜ ሕፃኑ በቦይ ዳር ወይም በሣጥን ውስጥ ተኝቶ ይውል ነበር፤ ያለዚያም ታላቅ እኅቱ ከትምህርት ቀርታ ትጠብቀው ነበር። እዚህ ላይ ባልደረቦቻችን ልብ በሉ። መዋያው የጠቀመው ሕፃኑን ብቻ አልነበረም፤ እኅቱንም ወደ ክፍሏ መልሷታል።

መንግሥት ከብዙ ዓመታት በኋላ ተከተለ። በ1966 ተዘዋዋሪ ለሆኑ የእርሻ ሠራተኞች ልጆች የተለየ የትምህርት ፕሮግራም በሕግ ተቋቋመ። የዚህ ፕሮግራም ሠራተኞች ልጁ እስኪመጣ በቢሮ ተቀምጠው አልጠበቁም። ከሰፈር ወደ ሰፈር፣ ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞሩ ልጆቹን ፈልገው መዘገቡ። ክረምት ከበጋ ሳይሉ ማካካሻ ትምህርት አዘጋጁ። በ1969 ደግሞ ለሕፃናቱ የተለየ የመዋያና የቅድመ ትምህርት አገልግሎት ተጀመረ፤ ሰዓቱም እናቶቹ ወደ እርሻ ከሚሄዱበት ሰዓት ጋር እንዲስማማ ሆነ።

የልጁ የትምህርት ማስረጃም አብሮት እንዲሄድ ታሰበ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአርካንሶ ግዛት፣ በሊትል ሮክ ከተማ በነበረ ኮምፒዩተር የልጆቹ የክትባትና የትምህርት መዝገብ ይቀመጥ ነበር። ልጁ ከቴክሳስ ተነሥቶ ሚሺጋን ሲደርስ አዲሱ ትምህርት ቤት መዝገቡን ያስመጣል። ይህ አሠራር በ1995 ተቋረጠ፤ በ2007 ግን በሌላ መልክ ተተካ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መዝገብ የሌለው ልጅ ያንኑ ክትባት ደጋግሞ ይወጋል፤ ያንኑ ክፍል ደጋግሞ ይማራል፤ በመጨረሻም ሰልችቶት ይተዋል።

ጊዜው ያለፈበትም ልጅ አልተረሳም። በ1967 ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ ሁለተኛ ደረጃን ላልጨረሱ የእርሻ ሠራተኞችና ልጆቻቸው፣ ፈተናውን ወስደው ከሁለተኛ ደረጃ ጋር እኩል የሆነ ምስክር ወረቀት የሚያገኙበት ፕሮግራም ተጀመረ። በ1972 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ለገቡት በመጀመሪያው ዓመት በገንዘብም በምክርም የሚረዳ ሌላ ፕሮግራም ተከተለ። የመጀመሪያው ዓመት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቤተሰቡ ማንም ኮሌጅ ያልገባ ልጅ የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ በመግቢያው ላይ ነውና። የእነዚህ ፕሮግራሞች በጀት በየጊዜው ለክርክር መቅረቡ አልቀረም። የተሠራው ሥራ ግን መንገዱን አሳይቷል።

አንዲት መምህርት ከቤት ድረስ ስትሄድ

ሆሴ ኤርናንዴዝ በ1962 በካሊፎርኒያ ተወለደ። ወላጆቹ ከሜክሲኮ፣ ከሚቾአካን የመጡ ለቃሚዎች ነበሩ። ቤተሰቡ በየዓመቱ ከሜክሲኮ ተነሥቶ ሰብል እየለቀመ ወደ ሰሜን ይወጣና ይመለስ ነበር። ልጁ እንግሊዝኛን እስከ 12 ዓመቱ አጥርቶ አላወቀም። የሁለተኛ ክፍል መምህርቱ ግን ችሎታውን አይታ ወደ ቤቱ ሄደች። ወላጆቹንም በአንድ ስፍራ እንዲቀመጡ መከረቻቸው። እነርሱም ሰሙዋት፤ ኑሯቸውንም በስቶክተን ከተማ አደረጉ።

ልጁ የሁለተኛ ደረጃን ሊጨርስ በተቃረበ ጊዜ፣ ስኳር የሚወጣበትን ተክል እየኮተኮተ ሳለ፣ ከላቲን አሜሪካ የመጣ አንድ ሰው ለጠፈር በረራ መመረጡን በትንሽ ራዲዮ ሰማ። እርሱም ያንኑ ተመኘ። በ1984 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቀ። በኋላም የጡት ካንሰርን አስቀድሞ ለማየት የሚረዳ ዲጂታል የራጅ መሣሪያ ከሠሩት ሰዎች አንዱ ሆነ። ናሳ ለተባለው የጠፈር ድርጅት 11 ጊዜ አመልክቶ አልተሳካለትም፤ በ12ኛው፣ በ2004፣ ተቀበሉት። በነሐሴ 2009 ዲስከቨሪ በተባለችው መንኮራኩር ወደ ጠፈር ወጣ።

ሂሜኔዝም ቢሆን ብቻውን አልወጣም። በስምንተኛ ክፍል ሳለ የድንበር ጠባቂዎች ከክፍሉ አውጥተው ወሰዱት፤ ቤተሰቡም ከአገር ተባረረ። በኋላ ፈቃድ አግኝተው ተመለሱ። አባቱ በወገብ ሕመም መሥራት ሲያቅተው እርሱና ወንድሙ ከትምህርት በኋላ ቢሮ እያጸዱ ቤቱን ያዙ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የተማሪዎች አማካሪ ነፃ የትምህርት ዕድል እንዲፈልግ ረዳው። በ1962 ሳንታ ክላራ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ከዓመታት በኋላም እዚያው ፕሮፌሰር ሆነ።

ሦስተኛ ሰው እንጨምር። አልፍሬዶ ኪኞኔስ ሂኖሆሳ በ1987 ድንበር ሲሻገር 19 ዓመቱ ነበር። በሳን ዋኪን ሸለቆ በእርሻ ሠራ፤ በስቶክተን በሚገኝ የሕዝብ ኮሌጅ እንግሊዝኛ ተማረ። ከዚያም ወደ በርክሌይ፣ በኋላም ወደ ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሄደ። ዛሬ የታወቀ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ለእርሱ በር የሆነለት ዕድሜውን ሳይጠይቅ የተቀበለው ኮሌጅ ነው።

በአንዱ መውጣት ብዙዎቹን አንርሳ

ወገኖቻችን ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ታሪክ ስንሰማ ደስ ይለናል፤ ሊለንም ይገባል። ነገር ግን አንድ ስሕተት እንዳናደርግ እንጠንቀቅ። «እርሱ ከወጣ ሌሎቹም ቢተጉ ኖሮ ይወጡ ነበር» ማለት በቀሩት ላይ መፍረድ ነው። ከኤርናንዴዝ ጋር በዚያው ማሳ ላይ የኮተኮቱ ልጆች ጉብዝና አጥተው አይደለም የቀሩት። መምህርት ወደ ቤታቸው ያልመጣችላቸው፣ አባታቸው በአንድ ስፍራ ለመቀመጥ የሚያበቃ ሥራ ያላገኘላቸው ብዙ ናቸው። ከሦስቱም ታሪክ ውስጥ የሚወጣው ቁም ነገር አንድ ነው። ትጋቱ የልጁ ነው፤ ትጋቱ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ያደረገው ግን ሌላ ሰው ወይም የተዘጋጀ በር ነው።

እንዲሁም ትምህርት ብቻውን ሁሉን እንደማይፈታ እንመን። የአባት ደመወዝ ቤቱን ካላኖረ የልጁ እጅ ከባልዲው አይለይም። ስለዚህ ስለ ልጁ ትምህርት የሚያስብ ሰው ስለ አባትዬው የቀን ክፍያም ማሰብ ግድ ይለዋል።

ይህ ነገር ለእኛስ?

በአገራችንም ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋው ብዙ ሕዝብ ሲወርድ ኖሯል። በደቡብና በምዕራብም ቡና ለቀማ ብዙ ቤተሰብ ያንቀሳቅሳል። ሰሊጥ የሚታጨድበትና ቡና የሚለቀምበት ወራት ትምህርት ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ በመስከረም የመዘገብነው ልጅ በጥቅምት ቢጠፋ እንግዳ ነገር አይሁንብን። አስቀድመን እንዘጋጅበት።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ አዝመራው ከመድረሱ በፊት ወደ ቤተሰቡ ሂዱ። ማን እንደሚሄድ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመለስ ጠይቁ። ዕዳ እንዳለባቸውም ተረዱ፤ ልጅን ወደ ማሳ የሚጎትተው ብዙ ጊዜ ዕዳ ነውና። ልጁ ሲሄድ የደረሰበትን ክፍልና የተማረውን የሚገልጽ ወረቀት ለእናቱ በእጇ ስጧት። ሲመለስም «ዘግይተሃል» ከማለት ይልቅ የማካካሻ ሰዓት አዘጋጁለት። ሪፖርታችሁንም ስትጽፉ በመስከረም የተመዘገቡትን ብቻ ሳይሆን በጥር የተመለሱትንም ቁጠሩ።

ሠራተኞች በሚመጡበት አካባቢ የምትገኙ አጥቢያዎች ደግሞ እንግዳውን ልጅ የደንብ ልብስ የለውም ብላችሁ እንዳትመልሱት ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋገሩ። ጥላ ያለበት አንድ ክፍልና ሁለት ታማኝ እናቶች ካሏችሁ የሕፃናት መዋያ መክፈት ትችላላችሁ። በ1920 የጀመሩትም ሴቶች ከዚህ የበለጠ ብዙ ነገር አልነበራቸውም። 16 ዓመት አልፎት ከትምህርት ለወጣው ወጣትም የማታ ትምህርት አስቡለት።

በመጨረሻ ለጥያቄያችሁ መልሳችን ይህ ነው። ልጁ ስለሄደ ድካማችሁ ከንቱ አልሆነም። ከንቱ የሚሆነው ወንበሩን ለሌላ ሰጥተን ስሙን ከመዝገብ የሰረዝን እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ስሙ በመዝገቡ ይቆይ፤ የት እንዳለም የሚጠይቅለት ሰው ይኑር። በሚመለስበትም ቀን «እንኳን መጣህ፣ ከዚህ ጋ ነበር ያቆምነው» የሚለው መምህር ይጠብቀው።